ብቻዋን አትተኛም

እህቴ ከሰው ጋር ብዙ አታወራም፤ ከላም ጋር ግን አፏ አይዘጋም። ጠዋት በረት ገብታ «እንዴት አደርሽ እመቤት? ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ማን ነካብኝ?» ስትል የሰማ፣ ጎረቤት ለወሬ ብቅ ያለች ይመስለዋል። እመቤት ላም ናት። ቦራም፣ ዳልቻም፣ ነገረኛዋም ላሞች ናቸው። ነገረኛዋ እንደ ስሟ ናት፤ እኔን ባየች ቁጥር በጭራዋ ዓይኔን ካልገረፈችኝ ቀኑ የነጋ አይመስላትም።

እኔ ታናሽ እህት ነኝ። ከተማ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ «ጠበበኝ፣ ሰፋኝ» እያሉ ከሚያደርቁኝ ደንበኞች ላመልጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ግን የት ይታረፋል! ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ባልዲ ታስይዘኛለች። ታላቄ ስለሆነች እታለም ነው የምላት። ከኔ የሰማም ሁሉ እታለም ይላታል። ወተት የሚጭነው ሾፌር እንኳ፣ በዕድሜ አባቷ የሚሆን ሰውዬ፣ «እታለም፣ ዛሬስ ብርዱ አይቻልም» እያለ ነው የሚገባው።

አባታችን ሲደክም እኛ ታናናሾቹ ትምህርት እያልን ከተማ ገባን፣ እሷ ከከብቶቹ ጋር ቀረች። ማንም ቅሪ አላላት፣ ማንም ደግሞ ነይ አላላት። ያገባችው ሰው ድምፁ የማይሰማ፣ ሲሥቅ ብቻ ቤቱ የሚናጋ ሰው ነበር። ልጅ አልወለዱም። «ልጅስ?» ብሎ የሚጠይቃት አይጠፋም፤ በአገጯ ወደ በረቱ ትጠቁማለች። ጠያቂው ይሥቃል፣ እሷ አትሥቅም። ባሏ በጉበት ሕመም አልጋ ሲይዝ ጓዳ አስተኚው ብንላት አሻፈረኝ አለች። አልጋውን ሰው በሚገባ በሚወጣበት በሳሎኑ መሃል አስቀመጠችው። ሰውዬው የወተት ጠያቂውን ጫጫታ፣ የበር መንኳኳቱን፣ የኔን ጭቅጭቅ እየሰማ ሞተ። አሁን ሳስበው ደግ አደረገች።

ለከብቶቹም እንዲሁ ነበረች። የታመመች ላም በእታለም በረት ብቻዋን አትተኛም። ይህን ከአባታችን ነው የወረሰችው። ከብት ለብቻው ሲሆን ይፈራል፣ ሲፈራ አይበላም፣ ካልበላ አለቀለት ይል ነበር አባባ። ስለዚህ አንዷ መብላት ስታቆም እታለም ከጥግ ታነሣትና በረቱ መሃል፣ ከጤነኞቹም በጣም ከሚበሉት ሁለቱ መካከል ታስገባታለች። እነሱ ሲያመነዥኩ እያየች፣ ትንፋሻቸው እያሞቃት፣ ሲውል ሲያድር አፏን ግርግሙ ውስጥ ትከታለች። በዓይኔ ያየሁት ነገር ስለሆነ ውሸት ነው አልልም። ብዙዎቹ ድነዋል።

የእርሻ ኮሌጁ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ተማሪዎችን ከብት አርቢ ቤተሰብ ዘንድ ያኖር ነበር። አንዷን ውሰጂ ሲሏት እሺ አለች። እኔ ደሜ ፈላ።

«ምን ቆርጦሽ ነው እታለም? የሰው ልጅ፣ ያውም የሰው አገር ልጅ! ብትታመምብሽስ? እምቢ በያቸው!»

«አልጋው ባዶ ነው፤ ምን ይጎዳኛል?» አለችኝ። ከዚያ ለቦራ ነገረቻት፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ብላ።

ልጅቷ የመጣች ቀን በሩን ስትገባ ግንባሯ ከመቃኑ ጋር ተላተመ። ረጅም ናት፣ ቀጭን፣ እጆቿ እጅጌዋን ጥለው ያደጉ። ስሟ ለአፋችን አልመች አለና እታለም ግንባሯን በቀዝቃዛ ጨርቅ እየያዘችላት «ሎጋ» አለቻት፤ ሎጋ ሆና ቀረች። ቋንቋውን ኮሌጅ ውስጥ ጀማምራዋለች፤ የቀረውን የተማረችው ግን እታለም ከላሞቹ ጋር ስታወራ ነው። ጉዱ የታየው በኋላ ነው። የኮሌጁ ኃላፊ ክራቫቱን አስሮ ሊጎበኛት ሲመጣ እጅጌውን ያዘችና «ና፣ ና፣ አትፍራ፣ ማንም አይነካህም» እያለች በረት አስገባችው። እኔ ከባልዲው ኋላ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ሣቅሁ። ሰውዬው ግን ደስ አለው መሰለኝ፣ እየሣቀ ገባ።

ዳልቻ ያን ጊዜም ታስል ነበር። ደረቅ ሳል ነው፣ ከብርድ የመጣ ነው እየተባለ የሰነበተ። ሎጋ ገና በመጣች ሰሞን በረቱ መሃል ያየቻት ጊዜ ቆም አለች።

«እታለም፣ ይህችን ለብቻ ብናደርጋት ጥሩ ነው» አለች። «ሳሏ ወደነዚህ ይሄዳል።»

«ለብቻማ ካደረግናት አትበላም።»

«ትምህርት ቤት እንዲህ ነው ያሉን።»

«ልክ ይሆናሉ ልጄ» አለች እታለም፣ ሳትቆጣ። «እስቲ ግን አብረን እንያት።»

አብረው አዩአት። ዳልቻ ወደ ማታ ድርቆሹን መብላት ስትጀምር ሎጋ ሁለተኛ አላነሣችውም። ልጅቷ በእውነት አምና ይሁን ወይ እታለምን ማሳዘን ከብዷት፣ እኔ እስከዛሬ አላወቅኩም። ብቻ ከዚያ ወዲያ በረቱን የሁለት ሰው በረት አደረጉት። ሎጋ ጋጣውን ትጠርጋለች፣ እታለም ታልባለች፣ ወሬው አያልቅም። በታለበ ቁጥር የመጀመሪያው ኩባያ፣ አረፋው ሳይወርድ፣ የሎጋ ሆነ። ጥሬ ወተት እንዳይጠጡ ኮሌጁ እንዳስጠነቀቃቸው ነግራኛለች።

«ታዲያ ለምን ትጠጫለሽ?» አልኳት።

«እሷ ስትሰጠኝ ፊቷን አይተሽዋል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እህቴ ያን ሰሞን ፊቷ ወዝ አገኘ። ሰው ሲጠይቃት በአገጯ መጠቆም ትታ «ልጄ ውስጥ ናት፣ ልጥራት?» ማለት ጀመረች። እኔ ምቀኛ አይደለሁም፤ ግን ቅዳሜ ስመጣ ሁለቱ በኔ ማላገጥ ሲጀምሩ፣ አንዷ ስትጀምረው ሌላዋ ስትጨርሰው፣ ትንሽ ይነካኝ ነበር። ይንካኝ። ያ ቀን በተመለሰልኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ሎጋ ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ አቧራ ነው አልን። ከዚያ ትራሷ በላብ ርሶ ይገኝ ጀመር፣ ጉንጯ ጎደጎደ፣ ቀበቶዋን እኔው ራሴ አጠበብኩላት። እታለም የምታውቀውን አደረገች። የልጅቷን አልጋ ከጓዳ አንሥታ ከራሷ አልጋ ጋር ገጠመችው። «ብቻዋን አትተኛም» አለችኝ፣ እኔ ምንም ሳልላት።

እታለም ትቆይልኝ ብትልም እኔ እንደ ምንም ጎትቼ ሆስፒታል ወሰድኳት። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ሐኪሙ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መነጽሩን አውልቆ ጠየቃት።

«የምትኖሪው ከብት ያለበት ቤት ነው ብለሻል። ጥሬ ወተት ትጠጫለሽ?»

«አልጠጣም።»

«በረቱ ውስጥ የሚያስል ከብት አለ?»

«የለም» አለች። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«የምጠይቅሽ ለወሬ አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ከከብት የሚተላለፈው ዓይነት ከሆነ ከምንሰጥሽ መድኃኒቶች አንዱ አይሠራበትም። ሕክምናው ሌላ ነው፣ ጊዜውም ይረዝማል። እና በረቱም መመርመር አለበት።»

«ወተት አልወድም» አለችው።

ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ጨምድጄ ያዝኳት። «አብደሻል? ምን ነካሽ? በመድኃኒት ይቀለዳል?»

«ከተመረመሩ ይወሰዳሉ» አለችኝ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው። «የተማርኩት ነው፣ አውቀዋለሁ። አንዷ ከተገኘባት ሁሉም ይፈተሻሉ፣ የተገኘባቸው ሁሉ ይታረዳሉ። እሷ ሌላ ማን አላት?»

«አንቺስ ብትሞቺ ማን አላት?»

«አልሞትም። እኔ ወጣት ነኝ፣ ያለው መድኃኒት ይበቃኛል። አትንገሪያት፤ እባክሽ።»

እኔ እሺም እምቢም አላልኳት። ለብቻዋ ክፍል አስተኟት። እታለም ማታውኑ መጥታ አጠገቧ ላድር ብትል አስታማሚ አይገባም አሏት። «ብቻዋን መሆን አለባት» አለች ነርሷ፣ ክፋት አልነበረባትም፤ ሥራዋ ነው። እህቴ በመስኮቱ መስታወት ውጪ በኩል ቆማ እጇን ስታውለበልብ፣ ስትሥቅላት፣ ላሞቹን በእጇ ምልክት ስታሳያት አመሸች። ሰዉ ሲያያት አላፈረችም። አንጀቴን በላችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቦራን ስታልብ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ሆዴ ነገር አይዝም፤ ልጅቷ ደግሞ ልጅ ናት። ነገርኳት። ሐኪሙ ያለውን፣ ሎጋ የመለሰችውን፣ ለምን እንደዋሸች፣ ሁሉንም። የወተቱ ድምፅ ቆመ።

«ሎጋ ናት እንዲህ ያለችው?»

«እሷ ናት።»

«ስለ ላሞቹ ብላ?»

«ስላንቺ ብላ እንጂ እታለም፣ ላሞቹ ምኗ ናቸው!»

እታለም ግንባሯን ቦራ ሆድ ላይ አስደግፋ ቆየች። ከዚያ ማለቧን ቀጠለች። ተናድጄ ልጮህባት ነበር፤ ግን ላም አጋምሰሽ አልበሽ ብትተዪያት ጡቷ ያብጣል፣ ያንን አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አለበች። እጇን ታጠበች፣ ቦቲ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር አውቶቡስ ተሳፈርን። ሆስፒታሉ ወለል ላይ ጭቃ እየነሰነሰች ሐኪሙ ፊት ቆመች።

«ልጅቷ ጠጥታለች» አለችው። «እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ በየቀኑ። የሚያስል ከብትም አለኝ። መድኃኒቱን ይለውጡላት። በረቱንም መጥታችሁ እዩት። ግን ለልጅቷ እኔ እንደነገርኩዎት አይንገሯት፤ ምርመራው አሳየን ይበሏት።»

«የሚሆነውን ያውቁታል?» አላት ሐኪሙ።

«አውቀዋለሁ።»

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ባሏ ሲቀበር እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። እኔ ክንዷን ያዝኩ።

የከብት ሐኪሙ መጣ። የነቀርሳ መመርመሪያውን መርፌ አንገት አንገታቸው ላይ ወጋና ከቀናት በኋላ ተመልሶ እብጠቱን እየዳሰሰ አየ። መጀመሪያ ዳልቻ። ከዚያ ቦራ። ከዚያ እመቤት። ሰውዬው ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል።

«እታለም፣ አንዷ ታመመች ብንል እንኳ እንዲህ ሁሉም ጋ መድረስ አልነበረበትም» አላት። «የምታስለዋን የት ነበር የሚያስሩዋት?»

እታለም በጣቷ መሃሉን አሳየችው።

«እዚህ? መሃል?»

«እንድትበላ ብዬ ነው።»

ሰውዬው መሃሉን፣ ከዚያ ግራ ቀኙን ተመለከተ። ያኔ ገባት። እህቴ ሞኝ አይደለችም። ግርግሙን ያዘችና ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ያ ሁሉ እበት ላይ። «እኔ ነኝ» አለች። «እያዞርኩ ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ። ልጅቷ ነግራኝ ነበር እኮ። ገና በመጣች ሰሞን ነግራኛለች።»

«ሳያውቁ ነው፤ ላሚቱ ስላሳዘነችዎት ነው» አላት የከብት ሐኪሙ። እሱም ሆዱ ባብቶ ነበር።

«ይሁና! ማዘኔ ለማን ጠቀመ?» አለችው። እታለም በቁጣ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ነኝ የቤታችን ቁጡ፤ ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ ከእበቱ ላይ አነሣኋት።

ነጻ የተባሉት ጥቂቶቹም ሁለተኛው ምርመራ ላይ ወደቁ። ጥጆቹም ጭምር። እኛም ተመረመርን፤ እኔም እሷም ደኅና ነን ተባልን። እታለም ደኅና ነሽ ስትባል ደስ አላላትም።

የጭነት መኪናው የመጣ ቀን ሰዎቹ ላሞቹን እየገፉ ሊያወጡ ቢሞክሩ ንቅንቅ አልል አሉ። ነገረኛዋ አንዱን ረግጣ አጥር ላይ አጋደመችው። ሰዎቹ ዱላ ሲፈልጉ እታለም ከቤት ወጣች። ያን ቀን አልወጣም ብላኝ ነበር።

«ዱላ አያስፈልግም። ወዲያ በሉ» አለቻቸው።

አንድ በአንድ ይዛቸው ወጣች። «ነይ እመቤት፣ ነይ። አትፍሪ፤ ማንም አይነካሽም።» እየተከተሏት ወጡ፤ ምን ያድርጉ፣ እሷ ናታ! አብራቸው መኪናው ላይ ወጥታ ፈሪዎቹን ከዳር አንሥታ ወደ መሃል አስገባቻቸው። ነገረኛዋን ጆሮዋን አከከችላት። ወርዳ የመኪናው በር ሲዘጋ እኔ ደግፌ ያዝኳት፣ እሷም ቆማ እስኪሄዱ አየቻቸው። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ ቦራ ጮኸች፤ እታለም ለመመለስ አፏን ከፍታ ዘጋችው።

ሎጋ መድኃኒቱ ከተለወጠላት በኋላ ቀለም ወጣላት። ምርመራው ከከብት መሆኑን እንዳሳየ ሐኪሙ ነገራት፤ ስለዚህ በረቱ መመርመሩን ታውቃለች። በመስኮቱ በኩል ስትጠይቃት እታለም «ዳልቻ ብቻ ናት። ሌሎቹ ነጻ ናቸው» አለቻት። ልጅቷ እልል ማለት ቀርቷት በመስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ሣቀች። እኔ ዞር አልኩ።

እናቷ በአውሮፕላን መጣች። መጓዝ ትችላለች እስኪባል ጠብቃ ልትወስዳት ነው። ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። እታለም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋች፤ እናቲቱ ጠጋ ብላ እጇን አወረደችላትና በሁለት እጇ ያዘቻት። ሎጋ ምን ብላ እንደነገረቻት እንጃ። ከከብቶቹ ጋር ልሰነባበት ብላ ልጅቷ ስታስቸግር እታለም ነች የከለከለቻት፦ «አቧራው ይጎዳሻል ልጄ፣ ሌላ ጊዜ።»

ከዚያ ወዲያ ሎጋ እሑድ እሑድ ትደውላለች። እታለም ስልኩ ሲጠራ ቤት ውስጥ አታነሣውም፤ ይዛው ወደ ባዶው በረት ትሮጣለች። ልጅቷ የለመደችው የበረት ድምፅ እንዳይለይባት መሰለኝ። «ነገረኛዋ ዛሬም ባልዲ ደፋችብኝ። እመቤት ወልዳለች፤ ሴት ናት፣ ያንቺን ስም አወጣሁላት» ትላለች። በሳምንቱ ሌላ ቀን ግን ጠዋት ተነሥታ በረቱ ደፍ ላይ ቆማ አንዲት ቃል ሳትናገር የምትመለስ ሴት ናት። ከኔ ጋር ከተማ ነይ ብላት እምቢ አለችኝ።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትዋሺያት?» ብዬ አንባረቅሁባት።

«እስክትድን።»

ዳነች። ትምህርቷንም ጨረሰች። የደወለችበት እሑድ እኔም ነበርኩ፤ የሎጋ ድምፅ በበረቱ ውስጥ ጮክ ብሎ ይሰማል፣ ደስታ አንቆታል። አገሯ ሥራ እንስጥሽ ቢሏት እምቢ ብላለች። ወደኛ ልትመጣ ነው። ካንቺ ጋር አብሬ ልሠራ ነው፣ አዲስ በረት እንሠራለን፣ ለታመሙት ለብቻ የሚሆን ጥግ ይኖረዋል፣ አንቺም እዚያ አብረሻቸው ትቀመጪያለሽ አለች። ሁሉን አስባበታለች።

እታለም ግድግዳውን ተደገፈች። እኔን አየችኝ።

«ልጄ» አለቻት። «ላሞቹ የሉም።»



«ቦራስ?» አለች ልጅቷ።

«እሷም ልጄ።»

«እመቤትስ?»

«እሷም።»

«ነገረኛዋስ?»

እታለም ራሷን ነቀነቀች፣ ልጅቷ እንደማታያት ረስታ።

«እሷም» አልኩ እኔ።

ሎጋ ስታለቅስ ይሰማናል። ለረጅም ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ እታለም ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ ጠበቀቻት፣ ዝም በይም አላለቻት።

«አንቺስ እታለም?» አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

«እኔማ አለሁ» አለቻት።